ዝም ማለት የተማረች ልጅ

አፀደ ሕፃናቱ ሥራ በጀመረ በሰባተኛው ሳምንት፣ መምህርት ሸዋሉል የኦብሴን እናት ጸሐይን በሩ ላይ አስቆመቻትና፣ «ይቅርታ ወይዘሮ ጸሐይ፣ ኦብሴ ቤት ውስጥ ትናገራለች?» ብላ ጠየቀቻት።

ጸሐይ መጀመሪያ የጠያቂዋን እጅ አየች። መምህርቷ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ይዛለች። አንድ ጣቷን ገጾቹ መሀል አስገብታዋለች፤ ስትጽፍ ቆይታ አሁን ዘግታው የመጣች ትመስላለች።

«ትናገራለች እንጂ» አለች ጸሐይ። «ምነው?»

«እዚህ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም። ስሟን ስጠራ ትሰማለች፤ ያዘዝኳትን ትሠራለች። ውሃ ሲጠማት ግን ኩባያውን ታሳየኛለች እንጂ ‹ውሃ› አትልም። ልጆቹ ዲዳ ናት ማለት ጀምረዋል።»

«ዓይን አፋር ናት።»

«ዓይን አፋሮች አሉኝ። እሷ እንደነሱ አይደለችም» አለች መምህርቷ። ወደ ኦብሴ ጎንበስ ልትል ካሰበች በኋላ ተወችው። «ካልተቸገራችሁ ቅዳሜ ቤት መጥቼ ባነጋግራችሁ ደስ ይለኛል። እርስዎንም፣ አባቷንም።»

ጸሐይ እምቢ ለማለት ምክንያት ፈልጋ አጣችና «እሺ» አለች። የልጇን እጅ ይዛ በመንገዱ ዳር ባሉት ማንጎዎች ሥር ወደ ቤት ስትሄድ ግን ስለ ኦብሴ አልነበረም የምታስበው። ስለ ደብተሩ ነበር።

ጊዜው ኅዳር 1989 ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ ቢሮዎች ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራሉ። አንድ ሰሌዳ ይወርዳል፣ ሌላ ይሰቀላል። ትናንት ኃላፊ የነበረው ሰው ዛሬ ወንበሩ ላይ የለም፤ ለምን እንደሌለ ጮክ ብሎ የሚጠይቅም የለም። የጸሐይ ባል ረጋሳ ከነዚህ ቢሮዎች ባንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከመንዲ መጥቶ አሶሳ ሲቀመጥ አሥራ አንድ ዓመቱ። አንድ ወረቀት ከአንድ እጅ ወጥቶ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን ይዛ ነበር አልሽኝ?» አላት ምሳ ሲበላ።

«ደብተር።»

«የሁሉም ልጅ ነው ወይስ የኛ ብቻ?»

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«ሌላ ወላጅ ቤት ሄዳለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

«መጠየቅ ነበረብሽ» አለና እጁን ታጠበ። ምሳው ግማሹ ቀርቶ ነበር።

እንዲህ መሆናቸው ያለ ነገር አይደለም። የረጋሳ ታናሽ ወንድም ጅረኛ፣ ኦብሴ የአንድ ዓመት ልጅ ሳለች ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ጫካ ገባ ያሉ ነበሩ፤ ሱዳን ተሻገረ ያሉም ነበሩ። ቤተሰቡ የትኛውንም አላረጋገጠም። በ1986 ሚያዝያ ላይ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ቤታቸው ድረስ መጡ። ስለ ጅረኛ ጠየቁ። ረጋሳ «ከሄደ ጀምሮ አላየሁትም» አላቸው፤ እውነቱን ነበር። ኦብሴ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ አዲስ ቃል ባገኘች ቁጥር ለመጣው እንግዳ ሁሉ የምታሳይበት ዕድሜ። ወደ ጓዳው ጣቷን ቀሰረችና «አጎቴ!» አለች። ጓዳ ውስጥ የተሰቀለው የጅረኛ ጃኬት ነበር። እናቷ ናት «ይሄ የአጎትሽ ነው» እያለች ያስተማረቻት። ሰዎቹ ገብተው ጃኬቱን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ረጋሳን ይዘውት ሄዱ። የተለቀቀው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ልጅቷን ማንም አልወቀሳትም። ረጋሳ ሲመለስ መጀመሪያ ያቀፈው እሷን ነው። ሰዎቹ ያለሷ ቃልም ይዘውት ይሄዱ እንደነበር ማን ያውቃል? ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ ድምፅ ቀነሰ። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት እያንሾካሾኩ ሆነ። ሬዲዮው ተሸጠ። እንግዳ ሲመጣ ኦብሴ ወደ ጓዳ ትላካለች። «ማን መጣ ቢሉሽ አላውቅም በይ። አባትሽ ምን አለ ቢሉሽ አላውቅም በይ» ትባላለች። ሦስት ዓመት ሲሞላት እሷም ማንሾካሾክ ለመደች። አራት ሲሞላት «አላውቅም»ንም ተወችው። ለወላጆቿ ጨዋነት መሰላቸው። ጎረቤትም «እንዴት ያለች ጭምት ልጅ ሰጣችሁ» ይል ነበር።

ቅዳሜ መምህርት ሸዋሉል መጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሸዋ ልጅ ናት፤ አሶሳ የደረሳት በእጣ ነው። ሻይና የተቆላ ለውዝ ቀረበላት። ለውዙን ቀመሰች፤ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታናግሯት?»

«በኦሮምኛ» አለች ጸሐይ። «አንዳንዴም በአማርኛ።»

«ተረት የሚነግራት፣ የሚያጫውታት ሰው አለ?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። «እናቷ አለች» አለ ረጋሳ።

«ሌላስ አብሯችሁ የሚኖር? አያት፣ አክስት፣ አጎት?»

ረጋሳ የሻዩን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ይሄ ለትምህርቱ ምን ያደርጋል?»

«ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከሚያናግረው ሰው ነው፣ አቶ ረጋሳ። ማን እንደሚያናግራት ካላወቅኩ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።» ቀጠለችና፣ «እርስዎ የት ነው የተወለዱት?» አለችው።

«መንዲ።»

መምህርቷ ጻፈች። ረጋሳ እስክሪብቶው ከግራ ወደ ቀኝ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ለአንዲት «መንዲ» ብዙ ጻፈች። ኦብሴ ጥግ ባለው መቀመጫ ላይ ነበረች፤ የአባቷን ፊት፣ ከዚያ የእናቷን፣ ከዚያ በሩን ታያለች።

«ኦብሴዬ፣ ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?» አለቻት መምህርቷ።

ልጅቷ ከንፈሯን ገጠመች። ጸሐይ «ገንፎ» ብላ መለሰችላት።

መምህርቷ ይህንንም ጻፈች።

ሰኞ ጠዋት ረጋሳ ቢሮ ሲገባ፣ የሌላ ክፍል ሰው ለምኖ የመምህራኑን ማኅደሮች አስወጣ። የሸዋሉልን አገላበጠ። የምደባ ደብዳቤ፣ የአንድ ዓመት የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ሁለት ፎቶግራፍ። ሌላ ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ይበልጥ አሳሰበው። ቤት ተመልሶ፣ «እኔ ሰባት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ» አላት ጸሐይን። «ይህን ያህል ንጹሕ ማኅደር አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ከነገ ጀምሮ እንዳትሄድ።»

ጸሐይ አልተከራከረችም። ባሏ ሲፈራ መከራከር ከንቱ እንደሆነ ታውቃለች። ግን ልጅቷን ለመውሰድ ምክንያት የሆናት አንድ ነገር ነበር፦ የኦብሴ ሹራብ አፀደ ሕፃናቱ ውስጥ ቀርቷል። በማግስቱ ኦብሴን ይዛ ሹራቡን ልታመጣ ሄደች።

የመማሪያ ክፍሉ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ዙሪያው በቀርከሃ የታጠረ ግቢ አለው። ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ረዳቷ ኢንቲሳር፣ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ እያራገፈች በበርታ ቋንቋ ለራሷ ታወራለች። ጸሐይ ኦብሴን ግቢው ውስጥ ትታ ወደ ክፍሉ ገባች። ሹራቡ ሚስማር ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሰማያዊው ደብተር።

ሹራቡን አላነሳችም። ደብተሩን ከፈተች።

በየልጁ ስም የተከፋፈለ ነው። «ኦብሴ ረጋሳ» የሚለውን አገኘች። ጽሑፉ ደቃቅና ጥርት ያለ ነው።

«ጥቅምት 4። አልተናገረችም። ሸክላ ስንሠራ ስድስት ትናንሽ ሰዎች ሠራች፤ ሁሉም አፍ የላቸውም።»

«ጥቅምት 11። አልተናገረችም። ሐኒ ወድቃ ስትነሳ ሁሉም ሲስቁ እሷም ሳቀች፤ ወዲያው በሁለት እጇ አፏን ያዘች። በሩን አየች።»

«ጥቅምት 23። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሥራዋን ታቆማለች። የመጣው ሰው እስኪሄድ እንደገና አትጀምርም። የጀመረችውን የማትጨርሰው ስለማትችል አይደለም።»

«ኅዳር 2። ዛሬ በር ላይ አስተዋልኩ። ሰው ሲያናግራቸው እናትየው የልጅቷን እጅ ጠበቅ ታደርጋለች። ልጅቷ ያን ጊዜ ከንፈሯን ትገጥማለች። እናትየው የምታውቀው አይመስለኝም።»

ጸሐይ ቀኝ እጇን አየች። ጣቶቿ የደብተሩን ጠርዝ ጨብጠውት ነጥተዋል። እውነት ነው፣ አታውቀውም ነበር። ስንት ጊዜ አድርጋው ይሆን? ገበያ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ ኦብሴ» ባለ ቁጥር።

ሌላ ገጽ ገለጠች። ይሄኛው ስለ ልጆቹ አልነበረም።

«ኅዳር 19። ሰውዬው ዛሬም መጣ። የአባቶችን የትውልድ ቦታ ስጪኝ አለ። የለኝም አልኩት።»

ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ቅጠል ተቀዷል። የተቀደደው ጠርዝ ገና አልቆሸሸም።

«ወይዘሮ ጸሐይ።»

መምህርቷ በሩ ላይ ቆማለች። ጸሐይ ደብተሩን አልደበቀችም። ፊቷ ግን ደም መሰለ።

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ?» አለቻት፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ረስታዋለች። «ቤቴ ገብተሽ ሻዬን ጠጥተሽ ባሌ የት እንደተወለደ ጻፍሽ። ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ሸዋሉል ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። «ማን እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ጊዜ መጣ። መታወቂያ አሳየኝ፤ ቶሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ለልጆቹ ዝርዝር ነው የመጣሁት አለ። ስምና ዕድሜ ሰጠሁት። አባቶቻቸው ከየት ናቸው ሲለኝ አላውቅም አልኩ።»

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«የተቀደደውስ?»

«ከናንተና ከሌሎች አምስት ቤቶች የጻፍኩት ነው። ቀድጄ አቃጠልኩት።»

«ማቃጠልሽን በምን አውቃለሁ?»

«በምንም» አለች መምህርቷ። «አመድ አላስቀመጥኩም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔንም እኮ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማን እንደላከኝ የሚጠይቁኝ አሉ። ባልሽም ማኅደሬን እንዳስወጣ ሰምቻለሁ» አለቻት።

ጸሐይ ሹራቡን ከሚስማሩ አነሳች። ወደ ውጭ ስትወጣ ኦብሴ ግቢው ውስጥ አልታየቻትም። በአጥሩ ዙሪያ ፈለገቻት። ዞር ስትል ኢንቲሳር አጠገብ አገኘቻት፤ የምንጣፉን ጫፍ ይዛ አብራት ታራግፋለች። አቧራው ፊቷ ላይ ሲበን ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ አትለቅም። ጸሐይ ይህን ቆማ ለጥቂት ጊዜ አየች። ከዚያ ሹራቡን ክንዷ ላይ አጥፋ፣ ኦብሴን ሳትጠራ ብቻዋን ወጣች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተመልሳ ወሰደቻት።

በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። ረጋሳ ሁለት ሰዓት ላይ ለሥራ ይወጣል፤ ለምሳ የሚመለሰው ስድስት ተኩል ነው። በመሀሉ ኦብሴ ደርሳ ትመለሳለች። ጸሐይ ስለ ደብተሩም፣ ስለ ሰውዬውም ለባሏ አልነገረችውም። ብትነግረው ምን እንደሚል ታውቃለች። መምህርቷን አምና አይደለም፤ ለማመን ምንም አልያዘችም። ግን ሦስት ዓመት አጠገቧ ተኝታ ያላየችውን፣ አንዲት እንግዳ በሰባት ሳምንት አይታዋለች። ያ አልለቃት አለ። መንገድ ላይ ሰው ሲያናግራቸው አሁን እጇን ታስተውላለች፤ ጣቶቿ ራሳቸው ሊጠብቁ ሲሉ ትይዛቸዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ኢንቲሳር ከሩቅ እጇን እያውለበለበች ተቀበለቻት። «ዛሬ ተናገረ! ተናገረ!»

ጸሐይ ደነገጠች። «ማን? ምን ተናገረ?»

«ኦብሴ ነው እንጂ ማን ነው!» ኢንቲሳር ሴቱንም ወንዱንም በአንድ አፍ ነው የምትጠራው። «ማሰሮውን ሰበረ፤ ከዚያ ‹ተሰበረ› አለኝ። በኛ ቋንቋ። ጥሩ አድርጎ አለ!»

«በበርታ?»

«በበርታ። ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል። አሁን ብዙ አለ።»

ጸሐይ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። «ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻት?»

«እኔ? ምንም አልጠየቀም እኔ። መምህሩ ይጠይቃል፤ ስም ማነው፣ ቀለም ምንድነው። እኔ ሥራ እሠራል፣ ብቻዬን ያወራል። ልጅ ይሰማል።»

ጸሐይ ወደ ቤት እየሄደች አሰላሰለችው። በኦሮምኛ «ዝም በይ» ተብላለች። በአማርኛም «አላውቅም በይ» ተብላለች። በበርታ ቋንቋ ግን ማንም ምንም አልከለከላትም፤ ቤታቸው ውስጥ የሚያውቀው ስለሌለ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላትም፤ ግን የገዛ ልጇ ምን እንዳለች በሰው አፍ መስማቷ እንደ እሾህ ወጋት።

ረጋሳ ነገሩን ያወቀው በሳምንቱ እሑድ ነው። ከቤቱ ጀርባ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያወራ ሰማ። የጎረቤት ልጅ አጥር ሾልኮ የገባ መሰለው፤ የኦብሴን ድምፅ በዚያ ከፍታ ሰምቶት ስለማያውቅ አልለየውም። ሲዞር ኦብሴ ናት። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ በጫጩቶቹ ዙሪያ እየዞረች አንድ ነገር ትደጋግማለች። ሦስት ቃል ነው። በርታ መሆኑን አወቀ፤ ትርጉሙን ግን አላወቀም።

«ማነው ያስተማረሽ?» አላት።

ልጅቷ እጆቿን አወረደች። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

ያን ዕለት ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው ተጣሉ። ጸሐይ ልጅቷ አፀደ ሕፃናት መመላለሷን አልካደችም።

«ከጀርባዬ!»

«ከጀርባህ። ልጄ ድምፅ እንዳላት አወቅኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?»

«ምን እያለች ነው?»

«አላውቅም።»

«የገዛ ልጄ ለማን ምን እንደምትናገር አላውቅም ማለት ነው?»

«እስካሁንስ ለማን ምን ተናግራ ታውቃለች?» አለች ጸሐይ።

ረጋሳ ሦስቱን ቃላት በቃሉ ይዞ ሁለት ቀን ተንከራተተ። ቢሮው ውስጥ ጁምዓ የሚባል ተላላኪ አለ፤ የበርታ ሰው ነው፣ ረጋሳን «አቦይ»፣ አባቴ፣ እያለ ይቀልድበታል። ሊጠይቀው ፈራ። ቃላቱ የሰው ስም ቢሆኑስ? ቤት ውስጥ የተባለ ነገር ቢሆንስ? ረቡዕ ዕለት ግን ማኅደር ሲያስረክበው፣ እንደ ዋዛ «ጁምዓ፣ እንዲህ ሲባል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሦስቱን ቃላት እየተንተባተበ አለለት።

ጁምዓ ሳቀ። «ማን አለህ? የልጆች ጨዋታ ነው። አንዱ ጭልፊት ይሆናል፣ ሌሎቹ ጫጩት። ‹ጭልፊቱ ሄዷል፣ ውጡ› ነው።»

«ያ ብቻ?»

«ኸላስ፣ በቃ። ሌላ ምን አለ?»

ረጋሳ አመሰገነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን፣ ጁምዓ እውነቱን ነግሮኝ ይሆን ብሎ አሰበ። ይህን በማሰቡ ደግሞ ራሱን ታዘበ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ።

አፀደ ሕፃናቱ ሲደርስ በበሩ አልገባም። በቀርከሃው አጥር ዞሮ ክፍተት ፈለገ፤ ዓይኑን አስጠጋ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ኦብሴ አጠገቧ ላለችው ልጅ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትነግራታለች፤ ልጅቷ ትስቃለች። ረጋሳ አንገቱን አዘነበለ፣ የበለጠ ለማየት።

«አንተ!»

ኢንቲሳር መጥረጊያ ይዛ ከኋላው ቆማለች። «ምን ያያል? አንተ ያ ሰው ነው? ስም የሚጠይቅ? አባት ከየት ነው የሚል? ሂድ! መምህሩ የለኝም ብሏል!»

ረጋሳ ቀና አለ። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ። «የትኛው ሰው?» አላት። «እኔ የኦብሴ አባት ነኝ።»

ኢንቲሳር ከእግር እስከ ራሱ አየችው። መጥረጊያውን ግን አላወረደችም። «አባት በአጥር ያያል?» አለችው።

ሸዋሉል ድምፅ ሰምታ ወጣች። ረጋሳ ሁሉንም ጠየቃት፤ ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬው ምን እንደለበሰ፣ መታወቂያው ምን ዓይነት ማኅተም እንደነበረው፣ ስንት ሰዓት እንደመጣ። ጸሐይ ደብተሩን እንዳነበበችም አልደበቀችውም። ረጋሳ ሚስቱ ይህን ሁሉ አውቃ ዝም ማለቷን ሲሰማ ዓይኑን ወደ አጥሩ መለሰ። ከዚያ፣ «ለምን አልሰጡትም?» አላት።

«ልጅቷን ለመርዳት ነው የጠየቅኋችሁ። ለሱ ብዬ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያም ባልጠየቅኩ።»

ረጋሳ አላመናትም፤ አልካዳትምም። «ደብተሩን ያሳዩኝ» አለ።

አመጣችለት። ቆሞ አገላበጠው። ስለ ልጁ የተጻፈውን አላነበበም፤ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። «በስም ጽፈዋል» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ስሕተት ነው። ለያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ይስጡ። የቁጥሩና የስሙ ዝርዝር አንድ ወረቀት ላይ ይሁን፤ ወረቀቱን እዚህ አያስቀምጡ፣ ቤትዎም አያስቀምጡ። በቃልዎ ቢያውቁት ይሻላል። ቅጠል አይቅደዱ፤ የተቀደደ ቅጠል ካልተቀደደው የበለጠ ያናግራል። አዲስ ደብተር ይጀምሩ። ይሄኛውን ያቃጥሉት።»

«እንዲህ ሲሉኝ ልጅቷ ትምጣ ማለትዎ ነው?» አለችው።

«እኔ ስለ ደብተር ነው ያወራሁት» አለና ሄደ። ኦብሴ ግን ከዚያ ወዲያ ቀረችበት የሚባል ቀን የለም።

ሰውዬው ተመልሶ አልመጣም። ማን እንደሆነ፣ ዝርዝሩን ለምን እንደፈለገ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ረጋሳ፣ ሸዋሉል የነገረችውን የማኅተም ዓይነት በቢሮው ወረቀቶች ላይ ለወራት ፈለገ፤ አላገኘውም። ጸሐይ ሰውዬው እውነት ነበረ ወይስ አልነበረም ብላ የጠረጠረችበት ጊዜም አለ። ኢንቲሳር ግን አይታዋለች፤ ኢንቲሳር ደግሞ መዋሸት አትችልበትም።

ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ድምፅ ገባ። በአንድ ቀን አይደለም። ጸሐይ ገበያ ስትሄድ ኦብሴን «ይሄ በበርታ ምን ይባላል?» ትላታለች፤ ልጅቷ ታስተምራታለች፣ ስትሳሳት ትስቅባታለች። ረጋሳ መጀመሪያ አልወደደውም። በኋላ እሱም አንዳንድ ቃል ይወረውር ጀመር፤ አነጋገሩ ስለሚያስቅ ኦብሴ እንደገና በለው ትለዋለች። በአማርኛ መናገር የጀመረችው የካቲት ላይ ነው። በኦሮምኛ ከወላጆቿ ጋር ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ ፋሲካ አልፎ ነው።

ሰኔ ላይ ዓመቱ ሲዘጋ ወላጆች ተጠሩ። ክፍሉ ስለጠበበ አግዳሚዎቹ ግቢው ውስጥ ወጡ፤ ሰማዩ ዝናብ አርግዟል። ልጆቹ በተራ እየተነሱ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን በአማርኛ ይናገራሉ። ተራው ኦብሴ ጋ ሲደርስ ቆመች፤ ምንም አላለችም። ሸዋሉል ጠበቀቻት፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች። ጸሐይ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሌላ ልጅ ተናገረ፤ ሌላም። ሁሉም ጨርሰው ወላጆች ሊያጨበጭቡ ሲሉ፣ ከመሀል አንድ ድምፅ ወጣ።

«እኔ ኦብሴ ረጋሳ እባላለሁ። አምስት ዓመቴ ነው። ትናንት ፍየል ጫማዬን በላችብኝ። አንዱን ነው የበላችው፣ አንዱ አለ። እማዬ ፍየሏን ልትመታ ስትል ሮጠች...»

ሰዉ ሳቀ። አንገቱን ያዞረ ሁሉ ማን ናት እያለ ይጠይቃል። ረጋሳ ልጁን አላያትም። የዞሩትን ሰዎች ነበር የሚያየው፤ ከፊተኛው አግዳሚ እስከ ኋለኛው፣ አንድ በአንድ፣ ማን ሳቀ፣ ማን አልሳቀም፣ በሩ ጋ የቆመው ማነው እያለ። ከንፈሩ የሚቆጥር ሰው ከንፈር ይመስል ነበር።

ጸሐይ ክንዱን ነካ አደረገችው። «ረጋሳ» አለችው፤ በኦሮምኛ፣ ሳታንሾካሹክ። «ልጅህን እያት እንጂ።»

ረጋሳ ዞሮ አያት። ኦብሴ አሁንም እያወራች ነበር።